ሁለት ዌስትጌት ለጌጥ፣ አንድ ሞተር ለእሳት

እናንተዬ፣ የመኪና ወዳጆች ሰፈር ሰላም ከራቀው ሰነባበተ። ጠቡ በአርሴናልና በማንቼ ቢሆን ኖሮ ለምደነዋል። ይሄኛው ግን ቡጢ በምታህል ቫልቭ የተነሳ ነው። ቱርቦ ለተገጠመለት መኪና አንድ ዌስትጌት ይበቃዋል ወይስ ሁለት ያስፈልገዋል? በዚህ ጥያቄ ሰው ከሰው ተኳርፏል።

በአንድ በኩል «ሁለት-ባዮች» አሉ። ክርክራቸው አጭር ነው፤ ሁለት ከአንድ ይበልጣል፣ አለቀ። በሌላ በኩል ደግሞ «አንድ-ባዮች» አሉ፤ እነሱም «እገሌ በአንድ ነው የሚነዳው፣ ምን ሆነ?» ይሉሃል። የእገሌ ሞተር ስንት ሲሊንደር እንደሆነ፣ ማኒፎልዱ ምን እንደሚመስል ግን አይነግሩህም። እኔ ዛሬ የመጣሁት ሁለቱንም ላስቀይም ነው። ሁለት-ባዮችን ግን ትንሽ ጠበቅ አደርጋቸዋለሁ፣ ምክንያቱም ልጆችን ገንዘብ አስወጥተው ሞተር የሚያስበሉት በብዛት እነሱ ናቸው።

ነገሩን ለማያውቀው ባጭሩ ልንገረው (የሚያውቅ አንድ አንቀጽ ይዝለል)። ቱርቦ በሞተሩ ጭስ የሚዞር ነገር ነው። ጭሱ ተርባይኑን ያዞራል፤ ተርባይኑ በአንድ ዘንግ የተያያዘውን መጭመቂያ ያዞራል፤ መጭመቂያው አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። ብዙ አየር፣ ብዙ ቤንዚን፣ ብዙ ጉልበት… ብዙ ጭስ! ያ ብዙ ጭስ ተመልሶ ተርባይኑን ያፈጥነዋል። እንዲህ እያለ ይሄዳል፤ የሚገታው ከሌለ ፒስተን እስኪቀልጥ ድረስ። ዌስትጌት ይህን አዙሪት የሚሰብር በር ነው። በሞላ ተይዞ ይዘጋል፣ ቡስቱ የተቀመጠለት ልክ ላይ ሲደርስ ይከፈታል፣ ከጭሱ ከፊሉን በተርባይኑ ሳያሳልፍ ወደ ማርሚታው ይለቀዋል።

በሩ ከጥንት ጀምሮ የሚያከራክር ነው። በ1962 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጄኔራል ሞተርስ ሁለት ባለ ቱርቦ መኪኖች አወጣ። የኦልድስሞቢል ጄትፋየር ዌስትጌት ነበረው። የሼቭሮሌ ኮርቬር ግን አልነበረውም፤ ማርሚታው ጭሱን አንቆ እንዲይዝ ተደርጎ ነው ቡስቱ የተገደበው። እስቲ አስቡት፣ ያንን መኪና ገዝቶ «ማርሚታው ድምፅ የለውም» ብሎ በሰፊ ቱቦ የቀየረ ጎረምሳ ምን እንደጠበቀው! በ1977 ሳአብ 99 ቱርቦን ይዞ ሲመጣ ነው ትንሽ ቱርቦ ከዌስትጌት ጋር አድርጎ ለዕለት ተዕለት መኪና መጠቀም ለብዙ ሰው የገባው።

ወደ ጠባችን እንመለስ። አንድ ወይስ ሁለት ከማለትህ በፊት ማኒፎልድህ ስንት ክፍል እንዳለው ንገረኝ።

ማኒፎልድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሁሉም ሲሊንደሮች ጭስ አንድ ቦታ ተገናኝቶ በአንድ አፍ ወደ ተርባይኑ የሚገባበት ነው። ሁለተኛው ሲሊንደሮቹ በሁለት ቡድን ተከፍለው፣ ሁለቱ ጭሶች ሳይነካኩ፣ መሐሉ ላይ ግድግዳ ወዳለው የተርባይን ቤት የሚገቡበት ነው፤ ትዊን ስክሮል የሚባለው። ያቺ ቀንድ አውጣ የምትመስለው የቱርቦ ቤት ውስጧ ሁለት ቦይ ይኖራታል ማለት ነው።

ግድግዳው ለምን ተደረገ? ጭስ ከሞተር እንደ ቧንቧ ውሃ እኩል አይፈስም፤ እንደ ልብ ምት ነው የሚወጣው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ብዙውን ጊዜ 1-3-4-2 በሚል ተራ ነው የሚቀጣጠለው። 1 ቁጥር ጭሱን አስወጥቶ ሊጨርስ ሲል የ3 ቁጥር የጭስ ቫልቭ ይከፈትና ኃይለኛ ምት ይለቃል። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ከሆኑ የ3 ቁጥር ምት ወደ 1 ቁጥር ተመልሶ ይገፋል፤ የተቃጠለ ጭስ እዚያው ይቀርና የአዲሱን አየር ቦታ ይይዛል። ስለዚህ 1 እና 4 አንድ ቦይ፣ 2 እና 3 ሌላ ቦይ ይሰጣቸዋል። በቶዮታ ሱፕራው 2ጄዜድ ላይ ደግሞ ነገሩ እንዴት እንደሚያምር እዩልኝ፤ ተራው 1-5-3-6-2-4 ነው። ከፊት ያሉትን ሦስቱን (1፣ 2፣ 3) በአንድ ቦይ፣ ከኋላ ያሉትን ሦስቱን (4፣ 5፣ 6) በሌላ ቦይ ካደረግህ ምቱ ፊት፣ ኋላ፣ ፊት፣ ኋላ እያለ ይፈራረቃል። ከአንዱ ምት እስከሚቀጥለው ክራንኩ 120 ዲግሪ ይዞራል፤ በአንድ ቦይ ውስጥ ግን በምትና በምት መሐል 240 ዲግሪ ይኖራል። ምቶቹ ሳይደባለቁ ተርባይኑን በየተራ ይመቱታል፤ ቱርቦውም ቶሎ ይነሳል።

አሁን አንድ-ባዮች ሆይ፣ ስሙኝ። ይህን ሁሉ ግድግዳ አሠርተህ፣ ለበያጅ ከፍለህ፣ ውዱን የተርባይን ቤት ገዝተህ፣ ከሁለቱም ቦይ አንዳንድ ቱቦ አውጥተህ አንድ ዌስትጌት ላይ ብታገናኛቸው ምን አደረግህ ማለት ነው? ግድግዳውን ቀደድከው! በሩ ተዘግቶ እንኳ ከበሩ በስተጀርባ ሁለቱ ቦዮች ተገናኝተዋል። ምቱ በዚያ ቀዳዳ ወዲያ ማዶ ይሻገራል። የከፈልክበት ጥቅም በከፊል ሄደ፤ ያውም የሚጠፋው ቱርቦው ገና ሊነሳ በሚያምጥበት ዝቅተኛ ዙር ላይ፣ በጣም በምትፈልገው ሰዓት። እዚህ ላይ ሁለት ዌስትጌት፣ ለየቦዩ አንድ፣ ትክክለኛ መልስ ነው። ቅንጦት የሚለው ካለ ትዊን ስክሮሉንም አልተረዳውም።

«ፋብሪካ ግን በአንድ ይሠራዋል» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ከፋብሪካ የሚወጡ ብዙ ትዊን ስክሮል መኪኖች አንድ ክዳን ብቻ ነው ያላቸው። ግን ጎንበስ ብለህ ተመልከተው፤ ግድግዳው እስከ ክዳኑ አፍ ድረስ ይሄዳል፣ አንዱ ክዳን ሁለት አፎችን በአንድ ጊዜ ይዘጋል። ክዳኑ ሲዘጋ ቦዮቹ እንደተለያዩ ናቸው። አንተም የውጪ ዌስትጌትህን እንደዚያ ማሠራት ትችላለህ፤ ከፋዩን ግድግዳ እስከ ቫልቩ መቀመጫ ድረስ የሚያደርስልህ፣ በዚያ ሙቀት የማይሰነጠቅ ብየዳ የሚሠራልህ በያጅ ካገኘህ። ካገኘህ ስልኩን ደብቀው፣ ብዙ የለም።

ተራው የሁለት-ባዮች ነው።

ወዳጄ፣ ማኒፎልድህ ባለ አንድ ክፍል ከሆነ ሁለተኛው ዌስትጌት ምን ይሠራልሃል? «ብዙ ጭስ ያሳልፋል» ትላለህ። እሺ፣ እናስላው፤ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። የክብ ስፋት የሚያድገው በዲያሜትሩ ካሬ ነው። ባለ 38 ሚሊሜትር አንድ ዌስትጌት 11.3 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ አፍ አለው። ሁለት 38 ስትገጥም 22.7 ታገኛለህ። አንድ ባለ 60 ግን ብቻውን 28.3 ነው! ሁለት 38 አንድ ላይ ሆነው የሚያህሉት አንድ ባለ 54 ነው። ሁለት ባለ 44 ብትገጥም ደግሞ ከአንዱ 60 የምትበልጠው በጥቂት ነው፤ ለዚያች ጥቂት ሁለት ፍላንጅ፣ ሁለት መውጫ ቱቦ፣ ሁለት ዲያፍራም፣ እጥፍ ብየዳ ትገዛለህ። እያንዳንዱ ብየዳ ደግሞ በቀን ስንት ጊዜ ቀይ ፍም ሆኖ ሲበርድ የሚውል ነው።

ከስፋቱ ይልቅ ቦታው ነው ነገሩ። ጭስ በዚያ ፍጥነት እየሄደ ሳለ በድንገት 90 ዲግሪ ታጠፍ፣ ወይም ወደ ኋላ ተመለስ ብትለው አይሰማህም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ተርባይኑ ይገባል። የዌስትጌቱ ቱቦ መነሳት ያለበት የሁሉም ሲሊንደሮች ጭስ ከተገናኘ በኋላ፣ በአካሄዱ አቅጣጫ፣ ሰላ ባለ ቅርንጫፍ ነው። በዚህ መልክ የተቀመጠ 44 በመጥፎ ቦታ የተበየደን 60 ሊያሳፍረው ይችላል። አሁን የሁለት-ባዮችን ማኒፎልድ ተመልከቱ፤ አንዱ ዌስትጌት ከግራ ጫፍ፣ ሌላው ከቀኝ ጫፍ፣ እንደ ጆሮ ጉትቻ ተንጠልጥለዋል። ያምራል፣ አልዋሽም። ግን አንደኛው የሚያስተነፍሰው በዋናነት 1 ቁጥርን፣ ሌላኛው 6 ቁጥርን ነው። መሐል ያሉት አራቱስ? ጭሳቸው ፊት ለፊቱ ያለውን ተርባይን ትቶ ለጉትቻው ሲል መንገድ ይቀይራል?

ውጤቱ ስም አለው፤ ቡስት ክሪፕ ይሉታል። በሩ እስከ መጨረሻው ተከፍቶም በቂ ጭስ አያሳልፍም፤ ስለዚህ የሞተሩ ዙር በጨመረ ቁጥር ቡስቱ እየሾለከ ይወጣል። 0.7 ባር ብለህ ያስተካከልከው 4,000 ዙር ላይ 0.7 ነው፣ 5,500 ላይ 0.9 ይሆናል፣ 6,500 ላይ 1.1። ቤንዚኑ ከተመደበለት ልክ ያልፋል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለጊዜው መቀጣጠልና ማንኳኳት ይጀምራል፤ የቴስታታ ጋስኬት ሄደ፣ ፒስተን ሄደ። ባለቤቱ ግን ፎቶ ያሳይሃል፤ «ሁለት ዌስትጌት እያለው እንዴት?» እያለ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለዚህ ቀን ነበር።

ቦታ ጠቦህ፣ ትልቁ 60 ከመሪው ዘንግ ጋር እየተጋጨ አልገባ ብሎህ፣ ሁለት ትናንሾችን ከመገናኛው ቦታ በትክክለኛ አቅጣጫ ብታወጣ ግን አልከራከርህም። የኪስና የቦታ ጉዳይ ነው።

ስለ ፎቶ ካነሳን አይቀር፣ ሁለት-ባዮች ሁለት ፎቶ ይወዳሉ። አንደኛው የማንኛውም ባለ ሁለት ቱርቦ መኪና ነው፤ «ተመልከት፣ ስካይላይን ጂቲአር ሁለት ዌስትጌት አለው» ይላሉ። አዎ አለው፣ ሁለት ቱርቦ ስላለውና ለእያንዳንዱ ቱርቦ የራሱ በር ውስጡ ስለተሠራለት። ግን ከ1987 ጀምሮ የተሠራውን ፌራሪ ኤፍ40ን እዩ። ሁለት ቱርቦ፣ ስምንት ሲሊንደር፣ ዌስትጌቱ ግን አንድ! ከኋላው ከሚታዩት ሦስት የጭስ መውጫዎች የግራና የቀኙ የሁለቱ ወገን ሲሊንደሮች ናቸው፤ መሐል ያለችው የዌስትጌቱ ናት። ያን ጊዜ ፌራሪ ለሁለተኛ ዌስትጌት ገንዘብ አጥሮት ይሆን?

ሁለተኛው ፎቶ የፎርሙላ ዋን ነው። ከ2016 ጀምሮ ከዋናው የጭስ መውጫ ጎን አንዳንዱ መኪና አንድ፣ አንዳንዱ ሁለት ቀጭን ቱቦ ይታይበት ነበር። «አየህ፣ ፎርሙላ ዋንም ሁለት ነው የሚጠቀመው» ይሉሃል። ደንቡ ያን ጊዜ ያዘዘው የዌስትጌቱ ጭስ በራሱ ቱቦ እንዲወጣ ነው፤ ቱቦው አንድ ወይም ሁለት መሆን ይችላል አለ። ምክንያቱ ፍጥነት እንዳይመስላችሁ። መኪኖቹ ዝም አሉ ብሎ ተመልካች ስላማረረ ድምፃቸው እንዲጨምር ነበር! ቱቦ መቁጠር ደግሞ ቫልቭ መቁጠር አይደለም፤ ከአንድ ቫልቭ በኋላ ቱቦውን ለሁለት መክፈል ይቻላል።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የኛዎቹም ፍላጎት ይኸው ድምፅ ነው። ዌስትጌቱን ከማርሚታው ነጥሎ ወደ አየር ሲለቁት እንደ ፍንዳታ ይጮሃል፤ ሁለት ሲሆን ደግሞ ሰፈር ይቀሰቅሳል። ጩኸቱን ወደኸው ከሆነ «ወደድኩት» በል፣ ማንም አይፈርድብህም (ከጎረቤትህ በቀር)። ግን «ለሞተሩ ደህንነት ነው» አትበለኝ።

ስለ ደህንነት አንድ የማከብረው ክርክር አላቸው። «አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያተርፈኛል» ይላሉ። ባለ አንድ ክፍል ማኒፎልድ ላይ ከሆነ ግማሽ እውነት አለው። የአንዱ ዲያፍራም ቢቀደድ ወይም የግፊት ጎማው ቢወልቅ ያ ዌስትጌት ተዘግቶ ይቀራል፣ ሌላኛው ግን ይሠራል። የሚሠራው ግን በግማሽ አፍ ነው፤ ግማሽ አፍ ደግሞ ከላይ ያየነውን ክሪፕ ይወልዳል። በትዊን ስክሮል ላይ ይባስ ይላል፤ ሦስቱ ሲሊንደሮች ይተነፍሳሉ፣ ሦስቱ ይታነቃሉ። የሁለቱ ሞላ አንድ ዓይነት ካልሆነም፣ አንዱ በ0.5 ሌላው በ0.7 ባር የሚከፈት ከሆነም፣ ችግሩ ያው ነው። ሁለት ዌስትጌት ያለው ሰው አንድ ዓይነት ሞላ፣ እኩል የግፊት ጎማ፣ አንድ የግፊት ምንጭ መስጠት ግዴታው ነው። እውነተኛው መከላከያ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ቡስቱ ከልክ ሲያልፍ ነዳጅ እንዲያቋርጥ ኮምፒውተሩን ማዘዝ። ሁለተኛ ዌስትጌት የማያስከፍለውን ያህል እንኳ አያስከፍልም።

ሌላው ሰው የሚስተው ነገር፣ ከፍተኛ ቡስት የሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው ትንሽ ዌስትጌት ነው። አዎ፣ ትንሽ። 2 ባር የሚነዳ ሰው አብዛኛውን ጭስ ለተርባይኑ ይፈልገዋል፤ በበሩ የሚወጣው ትርፍ ጥቂት ነው። ትልቅ ሞተር ላይ ትንሽ ቡስት፣ 0.4 ወይም 0.5 ባር፣ የሚነዳው ነው ሰፊ በር የሚያስፈልገው፣ ምክንያቱም ብዙ ጭስ ሳይጠቀምበት መጣል አለበት። ገበያው ላይ የምታየው ግን ተቃራኒው ነው፤ «ልጁ 2 ባር ነው የሚነዳው» ተብሎ ሁለት ባለ 60 ይሸጥለታል። ለድመት የጎተራ በር! ያ ምስኪን 0.5 ባር የሚነዳው ደግሞ «አንተ እንኳ ቡስትህ ትንሽ ነው» ተብሎ አንዲት 38 ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ማኒፎልድህን ሳያይ፣ ስንት ባር እንደምትፈልግ ሳይጠይቅህ ቁጥር የሚነግርህን ሻጭ ሸሸው።

በመጨረሻ ለኛ ብቻ የሚሆን አንድ ነገር አለ፤ በባሕር ጠረፍ አገር የተጻፈ ምክር ላይ አታገኘውም። ክርክሩ ሲያልቅበት ሁሉም ወገን «አዲስ አበባ ላይ ሞክሬዋለሁ፣ ሠርቷል» ይላል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ የአየሩ ግፊት 0.77 ባር አካባቢ ነው። የዌስትጌቱ ሞላ የሚለካው ከውጪው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። 0.7 ባር ላይ ያስተካከልከው መኪና አዲስ አበባ ላይ ሞተሩ የሚያገኘው ጠቅላላ ግፊት 1.47 ነው። ወደ አዋሽ ስትወርድ፣ 1,000 ሜትር አካባቢ፣ ያው ሞላ 1.6 ይሰጠዋል። ጅቡቲ ባሕሩ ዳር 1.71። የሙቀቱን ልዩነት ብንተወው ጅቡቲ ላይ በ16 በመቶ የበለጠ አየር ገባ፣ ያን ያህል የበለጠ ጭስ ወጣ ማለት ነው። በዚያ ላይ መጭመቂያው አዲስ አበባ ላይ አየሩን 1.9 ጊዜ ማጨቅ ነበረበት፣ ጅቡቲ ላይ 1.7 ጊዜ ብቻ፤ ስለዚህ ተርባይኑ ከእያንዳንዱ ኪሎ ጭስ የሚፈልገው ጉልበት ቀነሰ። ጭሱ በዛ፣ ፍላጎቱ አነሰ፤ ትርፉ ሁሉ በዌስትጌቱ በር መውጣት አለበት። አዲስ አበባ ላይ የበቃው በር ቆላ ሲወርድ ሊጠብ ይችላል። ቡስቱን ኮምፒውተር በጠቅላላ ግፊት ቢቆጣጠረውም ይህ አይቀርለትም።

የምትነዳው እዚሁ ከተማ ብቻ ከሆነ ጥሩ። ግን የአዳማን ፈጣን መንገድ ይዘህ፣ አልፈህ ወደ አዋሽ የምትወርድ ከሆነ ረጅም ሜዳ፣ ወፍራም አየር፣ ሙቀት አንድ ላይ ይጠብቁሃል። መንግሥት በ2024 የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ካገደ ወዲህ ደግሞ «ይቃጠል፣ ሌላ አስገባለሁ» የምትለው መኪና አይደለም።

ስለዚህ ሁለተኛውን ዌስትጌት ከማዘዝህ በፊት ቆላ ውረድና ነፃ መንገድ ላይ በሁለተኛ ማርሽ፣ ከፍጥነት ገደቡ ሳትወጣ፣ መርገጫውን እስከ መጨረሻው ተጫን። ዓይንህን ሳይሆን የጓደኛህን ዓይን ጌጁ ላይ አድርገው። ዙሩ ሲጨምር መርፌዋ ባለችበት ከቆመች ያለህ በር በቅቶሃል፤ ገንዘብህን ለጎማ አድርገው። ዙሩን ተከትላ እየወጣች ከሆነ እግርህን አንሳ፣ ወደ ጋራዥ ተመለስ፣ ቱቦው ከየት እንደተነሳ እይ። የቡስት ጌጅ ከነጭራሹ ካልገጠምክ ግን ስለ ዌስትጌት ቁጥር መጣላትህን ለጊዜው አቁምና ሄደህ ጌጅ ግዛ።